የእሁዷ ድምፅ

የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ጉሙ እስከ አራት ሰዓት አልተነሣም ነበር። የጥቅምት ውርጭ ሣሩን ነጭ አልብሶት አድሯል፤ ባጃጆች መብራታቸውን አብርተው ይሳባሉ፤ ሰው ሰውን የሚለየው አጠገቡ ሲደርስ ብቻ ነው። አልታየች ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ማመልከቻና ሲቪ ወደሚተይበው ወደ ኪሩቤል ጽሕፈት ቤት ወረደች።

አልታየች ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ ዐሥራ አንድ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የተበጠሰ ክር ስትቋጥር የኖረች ሴት ናት። አንድ ነገር ግን ተሰጥቷታል፤ የሰማችውን ሰው ድምፅ እንዳለ ታወጣዋለች። የፈረቃ አለቃቸውን ሆና ስትቆጣ ሴቶቹ ሻያቸውን ጥለው ወደ ማሽናቸው ይሮጡ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች «ለተከታታይ ድራማ ጀማሪ ተዋንያን እንፈልጋለን፤ እስከ ሐሙስ ሲቪ አስገቡ» ብለው ሲለጥፉ፣ ካልሄድሽ ብለው የገፋፏት እነሱው ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ሆኗታል። ይህ ካለፋት ሌላ እንደማይመጣ ታውቀዋለች።

«ስም?» አለ ኪሩቤል፣ ጣቶቹን በትንፋሹ እያሞቀ።

«አልታየች።»

«ለተዋናይት ደህና ስም አውጥተውልሻል!» ብሎ ሳቀ። «ትምህርት?»

«ሰባተኛ።»

«እሺ፣ እሱን ወደ ታች እናወርደዋለን። የሥራ ልምድስ? ምን ሆነሽ ተጫውተሻል? የትምህርት ቤት ክበብም ይሁን፣ የቀበሌ በዓልም ይሁን።»

«ምንም።»

«ኧረ እቴ! ባዶ ወረቀት ይዘሽ ልትሄጂ ነው?»

አልታየች ጉሙ መስኮቱን ሲታከከው አየች። «አንድ ሰው ሆኜ አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሦስት ወር።»

«ማንን?»

«ሜሮንን።»

ሜሮን አብራት የምትሠራ፣ ቤትም አብራት የተከራየች ጓደኛዋ ነበረች። ባለፈው ጥር፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ ድንገት ታማ ሐኪም ጋ ሳትደርስ አረፈች። እናቷ እማሆይ ወለተሐና አንኮበር ብቻቸውን ይኖራሉ፤ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። ወንድሟ ሙሉጌታ፣ በጾሙ ድካም ላይ ከሰሙ ተከትለዋት ይሄዳሉ ብሎ ፈራ፤ መርዶው እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እንዲቆይ ከዘመድ ጋር ተማከረ። ችግሩ ሜሮን በየእሁዱ ለእናቷ መደወል ልማዷ መሆኑ ነበር። «እባክሽ እህቴ፣ እሷን ሁኚልን» ብሎ አልታየችን ለመናት። ሆነችላቸው። በሜሮን ስልክ፣ በሜሮን ድምፅ፣ እሁድ በእሁድ ስትደውል ከረመች። እማሆይም ሁልጊዜ መርቀዋት ይዘጉ ነበር። መርዶው ሲነገር ሲም ካርዱን በገዛ እጇ አውጥታ ስልኩን ለሙሉጌታ መለሰች። ለቅሶ ለመድረስ ግን ፊት አጣች።

ኪሩቤል እጁን ከኪቦርዱ አነሣ። «ይኼ… ትወና ነው ወይስ ኃጢአት?»

«እኔም አላውቅ። ዝም ብለህ ጻፈው።»

«ብጽፈውስ ሬፈረንስ ይጠይቁሻል። ሰምቻታለሁ፣ ትችላለች ብሎ የሚመሰክር ሰው፣ ከነስልኩ።»

የሰማት ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው።

በማግስቱ ፈረቃዋን ለውጣ የአንኮበር ሚኒባስ ተሳፈረች። ሚኒባሱ መጨረሻ ጎረቤላ ስትወርድ ከገደሉ በታች አገር የለም፤ ከቆላ የሚነሣው ጉም ሁሉን ውጦታል። የእማሆይን ቤት የጠቆመቻት ሴት እንኳ ድምፅ እንጂ መልክ አልነበራትም። እማሆይ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«እንደምን ዋሉ እማሆይ?» አለች፣ በራሷ ድምፅ።

ቀና እንኳ አላሉም። «ነይ፣ የእሁዷ ልጄ።»

እግራቸው ሥር ወደቀች። «ይቅር ይበሉኝ እማሆይ!»

«ተነሽ፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል። ከመጀመሪያው እሁድ ጀምሮ አውቄሻለሁ። ሜሮኔ ከእኔ ጋር ስታወራ አፏ እንዳመጣላት ነበር፤ አንቺ ቃል ትመርጫለሽ፤ አሁንም ሰላም ስትዪኝ እንዲሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ድምፅዋ እንዳይቀርብኝ ነዋ።»

አልታየች አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ የመጣችበትን ነገረቻቸው፤ እሳቸው እምቢ ካሉ ወረቀቱ ባዶ እንደሆነ፣ እሷም ወደ ክሯ እንደምትመለስ አልደበቀችም። እማሆይ እንዝርቱን አቆሙት።

«ስሜን ጻፊው። ስልኬንም ስጫቸው። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ዓርብ ዓርብም የምትደውዪው አንቺ ነሽ?»

«ዓርብ? ዓርብ ደውዬ አላውቅም።»

«ጠርጥሬ ነበር።» ፈትሉን በጣታቸው ዳበሱት። «የዓርቧ ብዙ አታወራም። ‹እማዬ፣ እዚህ ብርድ ነው› ትለኛለች። ከዚያ ዝም። ባለፈው ሳምንትም ደውላለች።»

አልታየች ያን ሲም ካርድ ከስልኩ ያወጡ ጣቶቿን አየች።

«የእሁዱ ያንቺ ነው፤ ጻፊው» አሉ እማሆይ። «የዓርቡን ግን እንዳትነኪባት።»

ሐሙስ ሲቪውን አስገባች። በሥራ ልምድ ሥር አንድ መስመር ብቻ ነበረው፦ «የሟች ጓደኛዬን ድምፅ ሆኜ፣ በየእሁዱ፣ ሦስት ወር።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ራሔል የምትባል የድራማው ሠራተኛ ደወለችላት። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ወስደንሻል! ምስክርሽማ እንዴት ነው የምትወድሽ!»

«እማሆይ ደግ ናቸው።»

«እሳቸውን መች አገኘናቸው? ትናንት ስንደውል ያነሣችው ልጃቸው ናት። ‹አልታየች እኔን ሆና ስትናገር እኔም ራሴን አልለየሁም፤ ውሰዷት› አለችን። መስመሩ ነፋስ ነገር ነበረው። ብርድ ነው ብላ ዘጋችው።»

አልታየች አመስግና ስልኩን አስቀመጠች። ወዲያው አንስታ አንኮበር ደወለች። እማሆይ ትናንት ቀኑን ሙሉ ስልኩ መቀነታቸው ውስጥ እንደነበረ፣ አንድም ጊዜ እንዳልጮኸ ነገሯት። ከዚያም «ተቀበሉሽ?» ብለው ጠየቁ፤ አዎ ስትላቸው እልል አሉ።

አሁን አልታየች ጠባሴ ሠፈር ትኖራለች። ድራማው ላይ አክስት፣ ጎረቤት፣ ገበያተኛ ትሆናለች፤ ቀረጻ በሌለ ጊዜ ፋብሪካ ትገባለች። የሞተ ሰው ሁኚ ሲሏት እምቢ ትላለች። እሁድ እሁድ በራሷ ድምፅ ወደ አንኮበር ትደውላለች፤ ዓርብ ስልኳን ዘግታ ትውላለች።