ዘር ቆጣሪው አባ ይግዛው

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚረዝመው ራት ሲያጥር ነበር። ያኔ ይህን አላወቅሁም፤ አባ ይግዛው ነገር የሚያንዛዙ ሽማግሌ ብቻ ይመስሉኝ ነበር። የገባኝ አሁን ነው፤ እሳቸው የነበሩበት ዕድሜ ላይ ደርሼ፣ ጉልበቴ አልታዘዝ ሲለኝና ለልጅ ልጆቼ የጀመርሁትን ተረት መጨረስ ሲያቅተኝ። ሰውየው ቀን ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ ሲሸከሙ ይውሉና፣ ሲመሽ በዚያ በደከመ አፋቸው እኛን ከረሃባችን ያዘናጉን ነበር።

ቤታቸው ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ኩራዝ አልነበረንም፤ ላምባ የሚገኘው ማርቆስ ነው፣ ማርቆስ ደግሞ ጣሊያን አለበት። የሚያበራልን የምድጃው ፍምና ባለቤታቸው እማማ ይታይሽ አልፎ አልፎ የሚለኩሱት የቀርከሃ ስንጥር ነበር። ኩበቱ ሲጨስ ዓይናችንን እያሻሸን፣ እኔና የጎረቤታችን የአያ ደምሌ አምስት ልጆች ምድጃውን ከበን እንቀመጣለን። አባ ይግዛው ምሰሶውን ተደግፈው፣ ያበጠ እግራቸውን ወደ ፍሙ ዘርግተው፣ «እስቲ ቃል አምጡ» ይሉናል።

የእሳቸው ተረት እንደሌላው ሰው ተረት አልነበረም። እኛ አንድ ተራ ቃል እንሰጣቸዋለን፤ እሳቸው ያንን ቃል ይዘው ከገበሬው ቤት ወደ ተማሪው ጎጆ፣ ከዚያ ወደ ዳኛው ፊት ይዞራሉ። በየደረሱበት ቃሉ ሌላ ትርጉም ይዞ ይገኛል፤ ለእያንዳንዱም ተረት አለው። «ዘር» ያልናቸው ጊዜ ሦስት ማታ ፈጀብን። ገበሬ ዘር ሲል ስልቻ ውስጥ ያለውን ነው አሉና፣ ቤተሰቡ እንዳይበላበት ክረምቱን ሙሉ ስልቻውን ተንተርሶ ስላደረ ሰው አወሩን። ከብት አርቢው ዘር ሲል ኮርማውን ነው፤ ስለዚያም አንድ ሳቅ በሳቅ ያደረገን ነገር ነበር፣ እማማ ይታይሽ «ኧረ ልጆች አሉ!» ብለው አስቆሟቸው። ቅኔ ቤት ደግሞ ከግሥ የሚወለደውን ስም ዘር ይሉታል፤ ሳቢ ዘር አለ፣ ጥሬ ዘር አለ። «እኔ ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ቆይቼ ስመለስ» አሉ አባ ይግዛው፣ «እናቴ ማሳው ላይ ሆና ዘሩን አምጣ ብትለኝ ቁጭ ብዬ ግሥ ማውረድ ጀመርሁላት። በጅራፍ ነው ያስነሳችኝ። የቅኔው ትምህርቴም በዚያው ቀረ።» ይህን ብለው እኛ ስንስቅ እሳቸው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነበር የሚያልቀው። እኛም እግራቸውን እየነቀነቅን «አባ፣ ከዚያስ?» እንላለን።

በሦስተኛው ማታ የራሳቸውን ሥራ ነገሩን። አባ ይግዛው ዘር ቆጣሪ ነበሩ። በእኛ አገር መሬት የሚገኘው በትውልድ ነው፤ ድርሻ የሚጠይቅ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ፣ እከሌ እከሌን ወለደ እያለ እስከ ራሱ መቁጠር አለበት። ሲጣሉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። የአገሩን ሰው ሁሉ ትውልድ በቃላቸው ያውቃሉ፤ የተዋለደውን፣ የመከነውን፣ ተድራ የወጣችውን። አንድ ጊዜ በገዛ ወንድማቸው ላይ ቆጥረው መሬት አስነጥቀውታል ይባላል። «አባ ይግዛው ቆጥሯል» ከተባለ ዳኛም አይጨምርበትም። በዚያ ደሃ ቤት የነበረው ሀብት ይኸው ነበር፣ አለመዋሸታቸው።

እኔ የእነሱ ልጅ አልነበርሁም። መንደራችን ሲቃጠል እናቴ እዚያው ቀረች፤ አባቴ ከዚያ በፊት ዱር ገብቶ ሞቷል። አንድ መንገደኛ ይጁቤ ገበያ ዳር አድርሶኝ ሄደ። እማማ ይታይሽ ጨው ሊገዙ መጥተው እኔን ይዘው ተመለሱ። ጎረቤት «ምነው ይታይሽ፣ ጨው ተወደደ እንዴ?» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። እሳቸው ግን አንድ ልጃቸው አንዷለም ዱር ከገባ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባቸዋል። ለባንዳዎቹ አንዷለም ለንግድ ጎንደር ሄዷል ተብሎ ነበር የተነገራቸው።

ከዚያ ትእዛዝ መጣ። በመንደሩ ውስጥ ዘመድ የሌለው እንግዳ ሰው ሁሉ፣ ልጅም ቢሆን፣ ማርቆስ ላለው ሹም ተላልፎ ይሰጥ፤ የሽፍታ ቤተሰብ የደበቀ መንደር ይቃጠላል። ሽፍታ የሚሉት እንግዲህ እንደ አባቴ ያለውን ነው። ጭቃ ሹማችን ጨንቆት ሽማግሌዎቹን ለእሑድ ሰበሰበ። ማርቆስ የተወሰዱ ልጆች የት እንደሚደርሱ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የተመለሰም አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እማማ ይታይሽ ጸጉሬን እየሠሩኝ «ነገ የማን ልጅ ነሽ ቢሉሽ አላውቅም በይ» አሉኝ።

«ኧረ አውቃለሁ!» አልሁ። አባቴ በትከሻው ተሸክሞኝ ሲሄድ እስከ ሰባት ትውልድ አስጠንቶኝ ነበር፤ ስቼ ያቋረጥሁ እንደሆነ ከትከሻው ያወርደኛል፣ ስደግመው መልሶ ይሸከመኛል።

እማማ እጃቸው ጸጉሬ ላይ ቆመ። «የአባትሽን ስም ጣሊያን በወረቀት ይዞታል። እርሽው» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚካኤል ደጅ፣ ወይራው ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አባ ይግዛው ተነሥተው ቆጠሩ። አገሩን ካቀናው ከዘሚካኤል ጀመሩ፤ ዘሚካኤል እንግዳን ወለደ፣ እንግዳ ስኂንን ወለደ፤ ስኂን ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ ተድራ ሄደች፤ «ከእሷ ወዲህ ያለውን እዚህ ያለ ሰው አያውቀውም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ» ብለው ስሞቹን አወረዱና እኔ ላይ ደረሱ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ስኂን የተባለች ሴት በእውነት ነበረች፣ በእውነትም ተድራ ሄዳለች፤ ከእሷ በታች ያለውን ግን ማሳ ለማሳ ሲመላለሱ የፈጠሩት ነው። የትውልዱ ቀዳዳ የት እንዳለ እሳቸው ብቻ ነበሩ የሚያውቁት።

አያ ደምሌ ተነሣ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ አምስት ልጆች ነበሩት፣ ፈርቷል። ደግሞም የስኂን ድርሻ የተባለውን መሬት የሚያርሰው እሱ ነው። «አባ ይግዛው፣ ሐሰት ተናገሩ አላልሁም» አለ። «ግን ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ የአባቷን ስም አታጣም። እስቲ እሷ ትናገር።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የአባቴ ስም አፌ ላይ ነበር፤ ምላሴ ላይ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። «አላውቅም» አልሁ። አንዱ ሽማግሌ ከንፈሩን መጠጠ። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው፤ ዘሯን የማታውቅ ልጅ ተብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መቆሜ። አባቴ የሚሰማ መሰለኝ።

«እንግዲያስ ይማሉልን» አለ አያ ደምሌ። አባ ይግዛው ወደ ደጁ ሄደው እጃቸውን መቃኑ ላይ ሲያሳርፉ፣ «በደጁ ብቻ አይበቃኝም» አለ። «በአንዷለም ይማሉልኝ።»

አባ ይግዛው ወደ ሴቶቹ ዞረው እማማ ይታይሽን አዩ። እማማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡና መሬት መሬት አዩ። አባ ይግዛው እንቢ የሚሉ መሰለኝ። ከዚያ «የቆጠርሁት ሐሰት ከሆነ አንዷለም ወደ ቤቴ አይመለስ» አሉ። በቃ። ጭቃ ሹሙ «ልጅቱ የእኛ ናት» አለና ሽማግሌዎቹ ተነሡ። እኔም ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ተረቱ ቀዘቀዘ። ቃል ስንሰጣቸው «ዛሬ ደክሞኛል» ይሉናል። የአያ ደምሌም ልጆች ቀስ በቀስ መምጣት ተዉ። እማማ ይታይሽ ውሻ በጮኸ ቁጥር ወደ በር ያያሉ፤ አባ ይግዛው ደግሞ እማማን ያያሉ። እኔ ሁለቱን አያለሁ።

የሰኔ ዝናብ ሲጀምር አንድ ሰው በእርሻው በኩል ተደብቆ መጣ። ከአንዷለም ጋር የነበረ ነው። አንዷለም በጥይት ወድቋል፣ ቀብረነዋል አለ። ጮኾ ማልቀስ እንኳ አይቻልም፤ ጎንደር ለንግድ የሄደ ሰው እንዴት ይለቀስለታል? እማማ ይታይሽ ነጠላቸውን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ድምፅ ሳያወጡ ምድጃው አጠገብ ተንከባለሉ። አባ ይግዛው ምሰሶውን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ። ውይ፣ ያን ዕለት ምነው ባላየሁ!

እኔ በልጅ ልቤ አንድ ነገር አሰብሁ። መሐላው ነው የገደለው፤ ስለዚህ እውነቱን ከተናገርሁ መሐላው ይፈታል፣ አንዷለምም ይመለሳል። ማንም ሳያየኝ ወጣሁና እየሮጥሁ አያ ደምሌ ቤት ሄድሁ። ደጁ ላይ ተቀምጦ የቀንበር ጠፍር ይጠግናል። ፊቱ ቆሜ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ እስከ ሰባት ድረስ አንድም ሳልስት ቆጠርሁለት። «እኔ የስኂን ዘር አይደለሁም። ውሸት ነው። ማርቆስ ስጡኝ፣ አንዷለም ግን ይመለስ» አልሁት።

ጠፍሩን አስቀመጠ። «አንዷለም ምን ሆነ?» አለኝ። ነገርሁት።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ውሸት መሆኑን ያኔውኑ አውቄዋለሁ» አለ። «በልጅዎ ይማሉ ስላቸው እንቢ የሚሉ መስሎኝ ነው እኮ። ማን አባት እሽ ይላል?» ከዚያ ትልቁ ሰውዬ እንደ ልጅ አለቀሰ።

እጄን ይዞ ወደ ቤት መለሰኝ። ሲገባ ከአባ ይግዛው ጉልበት ላይ ወደቀ፤ «እኔ ነኝ የገደልሁት፣ አባቴ፣ ይማሩኝ» አለ። አባ ይግዛው አነሡት። «ጥይት ነው የገደለው» አሉት፤ ግን ድምፃቸው ያንን የሚያምን ሰው ድምፅ አልነበረም። አያ ደምሌም እኔ እሱ ዘንድ ሄጄ የተናገርሁትን አንድ በአንድ ነገራቸው።

እማማ ይታይሽ ቀና አሉ። አሁን ያባርሩኛል ብዬ ወደ በሩ አፈገፈግሁ። እሳቸው ግን የሚያዩት ባላቸውን ነበር። «ዛሬ ለደምሌ የነገረችውን ነገ ለባንዳ ትነግረዋለች» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰንጥቋል። «ልጄ ሄዷል፣ ይህች ደግሞ በከንቱ አትወሰድብኝም። ይቁጠሩላት።»

«ዛሬ?» አሉ አባ ይግዛው።

«ዛሬ።»

አባ ይግዛው ተቀመጡ። አያ ደምሌም በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ልጃቸው በሞተበት ቀን፣ ፍሙ ሳይቆሰቆስ አመድ እየለበሰ፣ ዘሚካኤል እንግዳን ወለደ ብለው ጀመሩ፤ እኔም ተከተልሁ። ስሳሳት ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። ስኂን ጋ ስንደርስ እንባቸው ይወርዳል፣ አይጠርጉትም፣ ይቀጥላሉ። ሳልሳሳት እስክወጣው ድረስ እማማ ከተቀመጡበት አልተነሡም። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም ባሉት ማታዎች ሁሉ ተረታችን ይኸው ብቻ ሆነ።

ማንም አልወሰደኝም። ጣሊያን ወጣ፣ እኔም አደግሁ፤ ሰው ያወቀኝ በስኂን ዘርነት ነው። አያ ደምሌ የስኂንን ድርሻ ራሱ ለክቶ ሰጠኝ፤ ወሰኑን ሲያሳየኝ ዓይኔን አላየኝም፣ እኔም አላየሁትም። አባ ይግዛው ከዚያች እሑድ በኋላ ከእኔ በቀር ለማንም ዘር ቆጥረው አያውቁም፤ ሊጠሯቸው ሲመጡ ረስቻለሁ እያሉ ይመልሷቸው ነበር። አልረሱም። እኔና እማማ እናውቅ ነበር።

አሁን የልጅ ልጆቼ ለትምህርት ቤት ብለው ደብተር ይዘው ይመጡና «እማማ፣ ትውልዳችንን ቁጠሪልን» ይሉኛል። እቆጥርላቸዋለሁ። ይጽፋሉ፣ ደስ ይላቸዋል፣ ይሄዳሉ። እኔ እንዲያው ድክም ይለኛል። አንዳንድ ቀን ብቻዬን ስሆን ያባቴን ልቁጥር ብዬ እጀምራለሁ። አባቴ ዳኘው ይባል ነበር። ዳኘው የአለሙ፣ አለሙ የተሰማ፤ ከዚያ ወዲያ አይመጣልኝም፣ ስንት ዓመት ሞከርሁ። አባ ይግዛው የቆጠሩልኝን ግን አንዱንም አልረሳሁም።