ከአሌክሳንድሪያ የመጣው መቀመጫ

ሞተር ሳይክሉን ያገኘው ወንድሜ ነው። ለፍላት ትራክ የተሠራ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ አሮጌ ሞተር። ፍላት ትራክ ማለት ሞላላ የአፈር ሜዳ ላይ ወደ ግራ ብቻ እየታጠፉ፣ የኋላ ጎማውን እያንሸራተቱ የሚሽቀዳደሙበት ውድድር ነው። ወንድሜ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ጋራዣችን ውስጥ ኢንጂኑን ፈቶ ገጠመው፤ የተነሳ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። እሱ ጀርባውን ስለሚያመው የምነዳው እኔ ነኝ። የቀረን መቀመጫውና ቦዲው፣ ማለትም ከመቀመጫው ጋር የሚያያዘው የኋላ ጭራ፣ ብቻ ነበር።

ቀላል መስሎን ነበር። ኦንላይን ያዘዝነው የመጀመሪያው መቀመጫ ሲያዩት ያምራል፤ ስቀመጥበት ግን መሪው ራቀኝ። የሁለተኛው ጭራ ከፍሬሙ አልፎ እንደ አውራ ዶሮ ጭራ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁሉም ለረጃጅም ወንዶች የተሠሩ ናቸው፤ እኔ ደግሞ አጭር ሴት ነኝ። መታጠፊያው ላይ ነጂው ወደ ፊት ተጠግቶ፣ ቀኝ ጉልበቱን የነዳጅ ታንኩ ላይ ደግፎ፣ ግራ እግሩን መሬት ማስነካት አለበት። መቀመጫው ካልያዘው መሪው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

"ከኋላው ስፖንጅ እንጨምርበት" አለኝ ወንድሜ። ጨመርን። ጭራሽ ከፍ አለና እግሬ መሬት አልደርስ አለ።

በኋላ የአሮጌ ሞተር ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ሄደን አንድ ሻጭ ስንጠይቅ፣ "እዚሁ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ አንዲት ሴትዮ አሉ፤ ባላቸው ተወዳዳሪ ነበር። የድሮ ቦዲዎቹን አልጣሉም" ብሎ ስልካቸውን ሰጠን። ወንድሜ በእንግሊዝኛ ቴክስት አደረገላቸው። ቅዳሜ ኑ አሉ።

ሞተሩን ፒክአፕ ላይ ጭነን ድልድዩን ተሻገርን። በራቸው ላይ ቆሜ ወንድሜን በአማርኛ፣ "እኔ ላውራ፤ አንተ ገና ሰላም ሳትል ዋጋ ትጠይቃለህ" እያልኩት በሩ ተከፈተ።

"ግቡ፣ ግቡ። ዋጋውን በኋላ ትጠይቃላችሁ" አሉን፣ አጠር ያሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ እናት። በአማርኛ። እኔና ወንድሜ ተያየን፤ ፈረንጅ ነበር የጠበቅነው። ሟቹ ባለቤታቸው አሜሪካዊ ነበሩ፤ እሳቸው ግን የደሴ ልጅ ናቸው።

ጋራዡ ግድግዳ ላይ መቀመጫዎች ከነጭራቸው ተሰቅለዋል። ከረጃጅሞቹ መሃል አንድ አጭር፣ ብርቱካናማ ቀለሙ የደበዘዘ አየሁ።

"ይሄስ የማን ነው?" አልኳቸው።

"የእኔ" አሉ።

ጠጋ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት።

"የባለቤቴ ሁሉ ይረዝምብኝ ነበር። ስለዚህ የቅርጽ ማውጫውን ቆርጬ አሳጠርኩትና ፋይበርግላሱን ራሴ አለበስኩት። ብናኙ እጄን ሲያሳክከኝ ከረመ።"

"ይነዱ ነበር ማለት ነው?"

"አንድ ሰመር። ከዚያ ትከሻዬ ተሰበረ፣ ቀጥሎም ልጅ መጣ። ሰው ዛሬ የሚለው ግን 'እሷ ከዳር ሆና ታጨበጭብ ነበር' ነው።" ሳቁ።

ሞተሩን ከፒክአፑ አወረድነው፤ ወንድሜም መቀመጫውን ከግድግዳው አንስቶ ፍሬሙ ላይ አስቀመጠው። የፊት ብሎኖቹ ገቡ፤ ለኋላው ትንሽ ብረት መበየድ ይበቃ ነበር። ለጊዜው በገመድ አሰርነው።

"ውጪበት" አሉኝ። ወጣሁ። "ወደ ፊት ተጠጊ። ክርንሽን ከፍ አድርጊ። አሁን ግራ እግርሽን አውጪ።"

እግሬ መሬቱ ላይ አረፈ። ጉልበቴ ታንኩን አገኘ። ከኋላዬ ጭራው ወገቤን ደገፈኝ። ሳቄ መጣ፣ ላቆመው ብል አልቻልኩም። ወንድሜ ቪዲዮ ሊቀርጽ ያወጣውን ስልክ እጁ ላይ ረስቶት ያየኛል።

"አልሸጠውም፤ ውሰጂው" አሉኝ። "ግን ሲሮጥ ማየት አለብኝ።"

ብረቱን በይደን፣ ቀለሙን ሳንነካ፣ ሜሪላንድ ገጠር ወዳለ የልምምድ ሜዳ ይዘናቸው ሄድን። ሰፊ ባርኔጣ አድርገው አጥሩ ጋ ቆሙ። ጥቂት ዙር ነዳሁና ወደሳቸው መጣሁ።

"ምነው መታጠፊያው ላይ ጋዙን ቀነስሽ?"

"እንዳያንሸራትተኝ ብዬ ነው።"

"እንዲያንሸራትትሽ አይደል እንዴ ሞተሩ የተሠራው? መቀመጫው ይይዝሻል። እመኚው።"

ተመለስኩ። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ጋዙን ሳልቀንስ ወደ ፊት ተጠጋሁ። የኋላ ጎማው ወደ ውጪ ተንሸራተተ፣ አፈሩ ተበተነ፤ እኔ ግን ከቦታዬ ንቅንቅ አላልኩም። ሄልሜቴ ውስጥ ጮህኩ። ወንድሜ አጥሩ ጋ ይዘላል። እሳቸው አልዘለሉም፤ ጣታቸውን አየር ላይ አዙረው "ድገሚው" አሉኝ።