ከፈተናው ግርጌ ያሉት ሁለት ፊደላት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ እየጎተተች ትምህርት ቤቷ ወሰደችኝ። ካቶሊኮቹ አባቶች ያቋቋሙት ኮሌጅ ነው፤ በእኛ ዘመን ወንዶች ብቻ ይማሩበት ነበር፣ ዛሬ ሴቶቹም ገብተውበታል። ለምሥረታ በዓሉ ኤግዚቢሽን አዘጋጅተዋል። ግድግዳው ፎቶ በፎቶ፤ ሁሉም ወንድ፣ ሁሉም ባለ ክራቫት። አስጎብኚዋ ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ናት። "በዚያን ጊዜ በዚህ ግቢ ሴት አልነበረም" አለች፣ በቃሏ እንዳጠናችው።

"ምነው! እኔ ታዲያ ምን ነበርኩ?" አልኩ ጮክ ብዬ። የልጅ ልጄ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ትቆንጥጠኝ! ዝም ማለትማ ብችል ኖሮ ይህን ሁሉ የማወራበት ምክንያት ባልኖረ።

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የኮሌጁ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጠዋት ጠዋት ከሰፈሬ ከዓዲ ሓቂ በእግሬ እመጣለሁ፤ ያኔ ካፌ የለ፣ የሚከራይ ክፍል የለ፣ ዙሪያው የገብስ ማሳ ነበር። ሰኔ ሲያልቅ መንገድ ዳር የመጀመሪያዎቹ የቁልቋል በለሶች ይወጣሉ። በልቼ እገባና እሾሁ ጣቴ ላይ እንደቀረ ታይፕ እመታለሁ። በግቢው የሚያበስሉት፣ የሚያጥቡት፣ የታመመ ተማሪ የሚያስታምሙት ሴቶች ነበሩ፤ ከክፍል ግን እግራችን አይደርስም። የእኔ ሥራ የመምህራኑን ማስታወሻና ፈተና ለማባዣው ማሽን ስቴንስል በሚባለው የሰም ወረቀት ላይ መምታት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የዐሥራ አንደኛንና የዐሥራ ሁለተኛን ሒሳብ ስመታ፣ ሳልማር ተማርኩት።

አንድ ሰኔ የሒሳብ መምህሩ መምህር ካሕሳይ የማጠቃለያ ፈተና አመጡልኝ። ሰባተኛው ጥያቄ ጎኖቹ 5፣ 6 እና 12 ሳንቲ ሜትር የሆነን ሦስት ማዕዘን ስፋት ይጠይቃል። "መምህር፣ ይሄ እኮ አይገጥምም" አልኳቸው።

"አንቺ ምቺ፤ ማሰቡን ለእኛ ተይው" ብለውኝ ሄዱ። ደሜ ፈላ! 6ቱን 13 አድርጌ መታሁት። ሳላስፈቅድ መቀየሬ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ግን ልጆቹ በማይሆን ነገር ሲለፉ ይዋሉ?

ሲያርሙ ደረሱበት። ርእሰ መምህሩ አባ ሥዩም ዘንድ ተጠራሁ። መምህር ካሕሳይ "ትባረርልኝ" አሉ። እናቴና ሁለት እህቶቼ የሚያድሩት በእኔ ደመወዝ ነው። ይቅርታ ብል ያልፍ ነበር። መምህሩ ዞር ብለው "መቼስ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" ሲሉ ግን ፍርሃቴ ብን ብሎ ጠፋ። በሩ ጀርባ ካለው መጥረጊያ ሦስት ሰበዝ መዘዝኩ፤ በማስመሪያ ለክቼ በ5፣ በ6 እና በ12 ቆረጥኩና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

"በወንድ የሚያልቅ ከሆነ እንግዲህ ይጨርሱት" አልኳቸው። "ጫፍ ለጫፍ ያግጥሙልኝ።"

ገፋ አደረጉት፣ ዘንበል አደረጉት። ሁለቱ አጫጭሮች ተጋድመው እንኳ ከረጅሙ አንድ ሳንቲ ሜትር ጎደሉ። አባ ሥዩም መነጽራቸውን አውልቀው እስኪበቃቸው ሳቁ። "ጓለይ፣ ልጄ፣ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ" አሉኝ።

"አባ፣ ከልጆቹ ጋር ልፈተን?"

ሳቃቸው ቆመ። "ደንቡ አይፈቅድም።"

"እንግዲያው ስሜን እጽፋለሁ" ብዬ ወጣሁ። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ የጸሐፊው ስም በአጭሩ ይቀመጣል፤ በፈተና ወረቀት ላይ ግን እንዲህ ያለ ወግ አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ፈተና ግርጌ ት.ሓ. እያልኩ መታሁ፤ ትርሓስ ሓጎስ። ሁለት ጊዜ አውጪው ተባልኩ፣ ሁለቴም እምቢ አልኩ።

አስጎብኚዋ መስታወት ሥር ያለ ቢጫ ወረቀት አሳየችን። በዚያ ሁሉ የጦርነት መከራ እንዴት እንደተረፈ እንጃ፣ የድሮ የሒሳብ ፈተና ነው። "ከግርጌ ያሉት ፊደላት ምን እንደሆኑ አይታወቅም" አለች።

"ይታወቃል እንጂ!" መታወቂያዬን አውጥቼ መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩላት። ስሜን አነበበች፣ ፊደሎቹን አየች፣ ቀና ብላ እኔን አየች። "አደይ፣ እናቴ፣ ይቅርታ" አለች። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። እኔስ ታይፕ ነበረኝ። ያቺ ያን ሁሉ ልጅ ያበላች ምጽላል ስሟን በየትኛው ድስት ላይ ትጻፍ?

"እስኪርቢቶ አውጪ" አልኳት። ምጽላል፣ ምግብ አብሳይ። ለተብርሃን፣ ልብስ አጣቢ። ከወሎ መጥታ የታመሙትን ታስታምም የነበረችው ዘሃራ። እየተንተባተብኩም ቢሆን ማንንም አልዘለልኩም። ልጅቷ እጇን አቆመችና "ወረቀቱ ሞላ" አለችኝ።

"ገልብጪው!" አልኳት።