የሞክሌስ ቱቦ

በባንግላዴሽ ቺታጎንግ ወደብ ኮንቴይነር ከመርከብ ጋር የሚያስር ሰው ሁሉ ጉልበቱን ማሳየት ይወዳል። ሞክሌስ ደግሞ ከሁሉም ይብስ ነበር። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ በላልዲጊ ሜዳ በሚደረገው ትግል ስንቱን አፈር ድሜ ያስጋጠ ሰው ነው። የእሱ ቡድን በመሆናችን እኛም ደረታችንን ነፍተን እንሄድ ነበር። ኮንቴይነሮቹን የሚይዙትን የብረት ዘንጎች በእጅ ካጠበቅን በኋላ በመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም ቱቦ እናጠልቅና ዘንጉ እስኪጮህ ሦስት ሰው ይንጠለጠልበታል። ሌሎቹ ቡድኖች በዚህ ይቀኑብን ነበር።

አንድ ክረምት የሞክሌስ ታናሽ ወንድም ቶፋዬል እኛ ባሰርነው መርከብ ላይ ሊሠራ ሄዶ እግሩ ተሰብሮ ተመለሰ። በማዕበል የተበጠሰ ዘንግ ነው የመታው።

«ላልቶ ነበር አይደል?» አለው ሞክሌስ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ።

«የላላስ አልተበጠሰም፣ ቦዳ» አለ ቶፋዬል፤ ታላቅ ወንድምን እኛ ቦዳ ነው የምንለው። «ዝናብ ሲያባርራችሁ በእጅ ብቻ አጥብቃችሁ የተዋችኋቸው አንዳቸውም አልተነኩም። የተበጠሱት በቱቦ የከረሩት ናቸው። መርከብ እኮ ይጣመማል፤ ዘንጉ ትንሽ አብሮት ካልሄደ ምን ይሁን?»

«ከእንግዲህ ባሕር አትሄድም።»

«ምን ልብላ ታዲያ? እግሬ ሲድን በዚያው መርከብ እመለሳለሁ።»

ሞክሌስ በማግስቱ ቱቦውን ከለከለ። እሱ ዞር ሲል ግን ካዴር ያወጣዋል። ካዴር ከመካከላችን ጉልበተኛው ነው፤ አንገቱ የበሬ ነው፣ ምላሱም አያርፍም። ዓመቱ ዞሮ ቶፋዬል የሚሳፈርበት መርከብ ወደቡ ሲደርስ፣ ካዴር ቱቦውን በትከሻው ይዞ ሲመጣ ሞክሌስ የወደቡ በር ላይ አገኘው።

«አስቀምጠው።»

«አረጀህ መሰል፣ ቦዳ። ሰው የላላ ቡድን ይበለን?»

«እንግዲያው ግጠመኝ። ከጣልከኝ እንዳሻህ አክርር። ከጣልኩህ ቱቦውን ዳግመኛ አላየውም።»

አፍ የሚያቀላውን ቅጠል የምናኝክበት ሱቅ ፊት ለፊት ተያያዙ። ካዴር ጥርሱን ነክሶ ጨመቀው። ሞክሌስ ሲገፉት ይሄዳል፣ ሲስቡት ይመጣል። «ቁም እንጂ!» አለው ካዴር፣ ተናዶ ይበልጥ እየተገተረ። ያኔ ሞክሌስ ወገቡን ዞር አደረገና ካዴርን እንደ ግንድ ዘጭ አደረገው።

«ምን አደረግኸኝ?» አለ ካዴር ከአፈሩ ላይ።

«ምንም» አለ ሞክሌስ እያለከለከ። «ራስህ ነህ የከረርከው። ሲያከሩት ይበጠሳል።»

ቱቦውን ባለሱቁ ወስዶ ለሱቁ ዳስ ምሰሶ አደረገው። ከሰዓት በኋላ መርከቡን በእጅ ብቻ አሰርን። የሌላ ቡድን ሰዎች ሲያልፉ «በክር ነው እንዴ የምታስሩት?» አሉን። የሞክሌስ የአንገት ሥር ተገተረ፤ ስድብ ችሎ የማያውቅ ሰው ነው። ግን እያንዳንዱን ዘንግ እየዳሰሰ አለፈ። ክረምቱን ሙሉ «ልሎቹ» ሲሉን ከረሙ፤ እሱም እህል አልበላ ብሎት ከሳ።

መርከቡ የተመለሰ ቀን ሁላችንም ያው ዳስ ሥር ቆመን ጠበቅን። ቶፋዬል ሻንጣውን ይዞ ትንሽ እያነከሰ በሩን ወጣ።

«ምን ሆናችኋል? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ማዕበል ነበር?» አለው ሞክሌስ።

«ነበር፤ ያውም ከአምናው የባሰ።»

«እና?»

«እና ምንም። ርቦኛል፣ ቦዳ።»

ሞክሌስ ቱቦውን ተደግፎ፣ በሰው ፊት አለቀሰ። ካዴር የቶፋዬልን ሻንጣ ተቀብሎ ተሸከመ።