እስከ አስር ሰዓት የማይከፈት በር

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ሚስቴም አታውቅም። እናንተ ስሙኝ፤ ግን እንዳታዝኑልኝ።

ሱሉልታ ውስጥ ያንን የሯጮች መኖሪያ በር በስልክ እንዲታዘዝ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ኤሌክትሮኒክ ቁልፉን የገጠምኩት እኔ፣ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ። ከባድ ሥራ እንዳይመስላችሁ። ለእንዲህ ያለ ቁልፍ በጃቫስክሪፕት የተዘጋጀ ላይብረሪ አለ፤ ሌላው የለፋበትን ኮድ ወስዶ «ክፈት»፣ «ዝጋ» ማለት ብቻ ነው። አሰልጣኙ ልጆቹ ከምሳ በኋላ እንዲያርፉ ፈልጎ፣ ከሰባት እስከ አስር ሰዓት ማንም እንዳይወጣ አድርግልኝ አለኝ። አደረግኩለት። ከውስጥ የሚከፍተውን ቁልፍ ጭምር ዘጋሁት። እሳት ቢነሳስ ብዬ አልጠየቅኩም። ለምን አልጠየቅኩም? ተማርኩ የምለው እኔ አልነበርኩም?

ያን ቀን ሰበታ፣ ቢሮዬ ነበርኩ። ከቡራዩ የመጣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት አጠገቤ ተቀምጦ ሥራዬን አሳየዋለሁ። «ከአስር በፊት መልአክ ቢወርድ አይከፈትም» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ። ጫልቱ ነበረች፣ ከሯጮቹ አንዷ። አሰልጣኙ ስልክ አላነሳ ስላላት፣ ለብልሽት ብዬ በሩ ላይ በለጠፍኩት ቁጥር ደወለች።

«ኢንጂነር፣ ማሎ፣ በሩን ክፈትልኝ። አባቴን ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ድረሽ አሉኝ።»

ትንሽ አሞታል! እዚህ አገር አድጎ የዚህን ቃል ትርጉም የማያውቅ ማን አለ? መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሲሞት «ትንሽ አሞታል» ተብሎ ነው ልጅ የሚጠራው። እኔም አባቴ የሞተ ቀን የተጠራሁት በዚሁ ቃል ነው። በዚሁ ቃል! እና ምን ብዬ መለስኩላት?

«ትንሽ ከሆነማ፣ አስር ሰዓት ላይ ትሄጃለሽ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ለእንግዳዬም «አየህ? ሰበብ አያጡም» ብዬ ሳቅኩ። አዎ፣ ሳቅኩ። በሩን ለመክፈት አንድ ጊዜ መንካት ይበቃኝ ነበር። አልነካሁም። ከዚያ ሁሉ ጉራ በኋላ መክፈት አፈርኩ፤ ምክንያቴ ይኼው ነው፣ ሌላ የለኝም። ጫልቱ የበሩን ቁልፍ በተጫነች ቁጥር ስክሪኔ ላይ ቀይ መስመር ይመጣል። ደግማ ትጫናለች። ደግሞ ይመጣል። እንግዳው ምንድን ነው ቢለኝ «ሲስተሙ እየሠራ ነው» አልኩት።

በሩ አስር ሰዓት ላይ በራሱ ተከፈተ። የአባቷ የኦቦ ለሚ ቤት ከሱሉልታ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ወገኖቿ እስከ ዘጠኝ ተኩል ጠበቋት፣ ከዚያ ቀበሩት። እሷ ስትደርስ ቀባሪው እየተመለሰ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከአሰልጣኙ ጋር ለቅሶ ደረስኩ። ነፍስ ይማር አልኩ፤ እኔ! ጫልቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከተቀመጠችበት ተነሥታ እጄን ያዘች። አይኗ አብጧል።

«አንተማ አላወቅክም፣ ኢንጂነር» አለችኝ። «ትንሽ አሞታል ነው ያልኩህ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጥፋቱን ለእሷ ትቼላት ንፍሮ በልቼ ወጣሁ። ይህን ምን ትሉታላችሁ? በሩን የዘጋሁ ቀን ከበደልኳት ይልቅ ያን ቀን የበደልኳት አይበልጥም?

ይቅር በሉኝ አልልም። እሷ ይቅር ያለችው ያላወቀ ሰው ነው፤ ያ ሰው እኔ አይደለሁም።

ጫልቱ፣ አውቄ ነበር።