በአንድ ዶላር የሄደው ቤት

በዚያ ሐሙስ የሚወርደው ዝናብ መሬት በነካ ቁጥር በረዶ ይሆን ነበር። የኅዳር መጨረሻ ነው። የካርቨርተን ከተማ ዳገት እንደ መስተዋት ስላብረቀረቀ ከጠዋት ጀምሮ አንድም መኪና አልወጣበትም። ሎርና ኩባላ እንዳትንሸራተት በጫማዋ ላይ የወንድ ካልሲ አጥልቃ፣ የየቤቱን አጥር እየጨበጠች ቁልቁል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወረደች።

ሐሙስ ሐሙስ የሰፈሩ ሴቶች እዚያ ተሰብስበው ድንች በሊጥ እየጠቀለሉ ፒሮጊ ይሠራሉ፤ ዓርብ ይሸጡታል። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ እስከ ዛሬ የቆመው በዚያ ገንዘብ ነው። ሳምንታዊው ጋዜጣም የሚወጣው ሐሙስ ነው። ከጀርባው ገጽ ላይ በሳምንቱ የተሸጠና የተለወጠ ቤት ሁሉ ከነዋጋው ይዘረዘራል፤ ሴቶቹም የሞተውን ሰው ዝርዝር ከማየታቸው በፊት እሱን ያነባሉ። በዚያ ቀን ያነበበችው ዶሎሬስ ነበረች፤ ሰማንያ ዓመት ሞልቷት ምላሷ ያላረጀ ሴት።

“ሎርና፣ ቤታችሁን ሸጣችሁት እንዴ?” አለች።

“የቱን ቤት?”

“ስንት ቤት አላችሁ ደግሞ? ይኸው፤ ከስቴላ ኩባላ ለግሌን ኩባላ፣ ሁለተኛ መንገድ፣ አንድ ዶላር።” መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች። “በዚህ ዋጋማ ከሆነ ለኔም ሁለት ግዢልኝ፣ ልጄ።”

ሴቶቹ ሳቁ። ሎርናም ሳቀች፤ ምን ታድርግ። ስቴላ እናቷ ናት፣ ግሌን ታናሽ ወንድሟ። ቤቱ ደግሞ እሷ የተወለደችበት፣ እናቷን ለመጦርም ተመልሳ የገባችበት ቤት ነው። የሊጡን ጠርዝ መቆንጠጧን ቀጠለች። የዚያን ቀን በእጇ ካለፈው ፒሮጊ ሲቀቀል የተፈታ አንድም አልነበረም ይባላል።

አባቷ ብረት ማቅለጫው ውስጥ ሲሞት ሎርና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ትምህርቷን ትታ በዚያው በምትማርበት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ተቀጠረች። ትናንት አብረዋት ይቀመጡ ለነበሩት ልጆች ዛሬ የተፈጨ ድንች ትጨልፍላቸው ጀመር። ግሌን ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በእሷ ደመወዝ ለበሰ፣ በእሷ ደመወዝ ተማረ፣ የኢንሹራንስ ሻጭ ሆነና ሁለት ሰዓት በመኪና የሚያስኬድ ከተማ ሄዶ ትልቅ ቤት ገዛ። እሷ አግብታ ነበር፤ አልሆነም። እናቷ ምድጃውን ለኩሳ መርሳት ስትጀምር የኪራይ ቤቷን ለቅቃ ወደ ልጅነት ክፍሏ ተመለሰች። ማን ሌላ ይመለሳል?

ከሰዓት በኋላ ለግሌን ደወለችለት።

“ቤቱን ጋዜጣ ላይ አየሁት” አለችው።

“አሃ። እሱማ የቆየ ነገር ነው። እማ የፈረመችው አምና መጋቢት ላይ ነው፤ አንቺ መድኃኒት ቤት ሄደሽ ሳለ ፊርማ የሚያረጋግጥ አስፈራሚ ይዤ መጥቼ። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ከረመ። ለማስመዝገብ ፍርድ ቤት ሄዶ ወረፋ መያዝ ማን ይወዳል? ሰሞኑን ነው ያስመዘገብኩት።”

“ለምን ሳትነግረኝ?”

“ምን ይነገራል? ነገ እማ መጦሪያ ብትገባ መንግሥት ይከፍልላትና ስትሞት ሒሳቡን ከቤቱ ላይ ይወስዳል። ቤቱ በስሟ ካልሆነና ከተላለፈ አምስት ዓመት ካለፈው ግን ማንም አይነካውም። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው።”

“እኔስ?”

“አንቺ እስክትሞቺ ትኖሪበታለሽ። ቃሌ ነው።”

አመነችው። ማመን ከመጣላት ይቀላል፤ በዚያ ላይ እናቷን የምታጥብበት ሰዓት ደርሶ ነበር። የጋዜጣውን ቁራጭ ግን ቀደደችና ከነቀኑ አስቀመጠችው።

አራት ዓመት ተኩል አለፈ። እናቷ ከልጆቿ በቀር የሰው ስም ረሳች፣ ቀጥላ ሽንት ቤቱ የት እንዳለ፣ ቀጥላ ማንኪያ መያዝ። ሎርና አንሥታ ታስቀምጣለች፣ ታለብሳለች፣ በማንኪያ ታጎርሳለች። ወገቧ ተጣመመ፤ የወጥ ቤት ሥራዋንም ተወች። ግሌን በዓመት ሁለቴ፣ ገናና ፋሲካ፣ አበባ ይዞ ይመጣል።

በመጨረሻው ፋሲካ ሚስቱ ፓም ሜትር ይዛ መስኮቶቹን ስትለካ አገኘቻት።

“መጋረጃ ልትሰፊልን ነው?” አለቻት ሎርና።

“እኔ? መርፌ ማን አስይዞኝ” አለች ፓም። “ደላላው ነው የጠየቀን።”

ሎርና ወደ ወንድሟ ዞረች። እሱ የአሳማ ሥጋውን እየቆረጠ ነበር።

“እማ መጦሪያ የገባች ዕለት ቤቱ ለገበያ ይወጣል” አለ። “አንድ ወር እሰጥሻለሁ። ብዙ ዕቃ የለሽም።”

“ቃልህስ?”

“ሎርና፣ ስንት ዓመት በነፃ ኖረሻል። ኪራይ ጠይቄሽ አውቃለሁ?”

በነፃ። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህችን ቃል አልረሳቻትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ስትንበረከክ እንኳ አፏ ጸሎት ይላል፣ ሆዷ ደግሞ በነፃ፣ በነፃ ይላል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባለው ሆነባትና አቋርጣ ወጣች።

ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ድሆችን ሳያስከፍል የሚያማክር ሽማግሌ ጠበቃ ይቀመጣል። የጋዜጣዋን ቁራጭ አስቀመጠችለትና ግሌን ያላትን ሁሉ ነገረችው። ቀኑን አየ፤ በጣቶቹ ቆጠረ።

“የሚቆጠረው ከተፈረመበት ሳይሆን ከተመዘገበበት ቀን ነው፤ አምስት ዓመት የሚሞላው በመጪው ኅዳር ነው” አላት። “ከዚያ በፊት ለእናትዎ ርዳታ ከተጠየቀ፣ ንብረታቸውን ሰጥተዋልና መንግሥት በቅጣት መልክ ለብዙ ወራት አይከፍልም። መጦሪያ ቤቱም ዝም አይልም። በኛ በፔንሲልቬንያ ሕግ አቅም ያለው ልጅ የወላጁን ወጪ ይጠየቃል። እርስዎ አቅም አለዎት?”

“እኔ? ከዚህ ካፖርት በቀር?”

“ወንድምዎስ?”

“ጀልባ አለው።”

ጠበቃው የጋዜጣዋን ቁራጭ መልሶ ሰጣት። “ሌላም ነገር አለ” አለ። “ቤቱ ወደ እናትዎ ስም ከተመለሰ ቅጣቱ ይነሣል። እናትዎ መጦሪያ ከመግባታቸው በፊት ሁለት ዓመት አብሮ ኖሮ የጦረ ልጅ ደግሞ ቤቱን በሕግ መቀበል ይችላል፤ መንግሥትም አይከለክለውም። ሐኪም ይመስክር፣ ጎረቤት ይመስክር።”

“ይህን ወንድሜ ያውቃል?”

“ቢያውቅ ኖሮ ሰነዱን መሳቢያ ውስጥ አያከርመውም ነበር።”

ለእናቷ የቀረውን ጥቂት ገንዘብ ምን እንደምታደርገው ጠየቀችው። የቀብር ወጪን አስቀድሞ መክፈል የተፈቀደ ነው አላት። በዚያው ሳምንት እናቷን በተሽከርካሪ ወንበር ይዛት ሄደችና ሬሳ ሣጥን መረጡ። እናቷ ባለ ሰማያዊውን ገበር ዳስሳ “ይኼ ሶፋ ለማን ነው?” አለች። “ላንቺ ነው፣ እማ” አለቻት። “ጠበብ ይላል” አለች እናቷ።

በግንቦት እናቷ ከአልጋ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ቤት ውስጥ አትያዝም አለ። ግሌን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ ቆመ።

“በቃ፣ የመንግሥት ርዳታውን ማመልከቻ ሙዪ። የወረቀት ነገር አንቺ ትችዪበታለሽ።”

ሎርና አየችው። አንድ ጊዜ ልጠይቀው ብላ ወሰነች፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

“አምስቱ ዓመት መሙላቱን እርግጠኛ ነህ?”

“ከስድስት ዓመት በፊት መጋቢት ነው የፈረመችው።”

“ያስመዘገብከው ግን…”

“ሎርና፣ ቁጥር የኔ ሥራ ነው። አንቺ ድንችሽን ላጪ።”

“እሺ” አለች።

ስድስት ወር መጠበቅ ትችል ነበር። የተሰበረች እናቷን ቤት ወስዳ፣ ወገቧ እየተቆረጠ፣ ኅዳርን ልታደርስለት ትችል ነበር። ድሮ ቢሆን ታደርገው ነበር። አሁን ግን የመንግሥት ቢሮ ሄዳ ከአንዲት ወጣት ሠራተኛ ፊት ተቀመጠች።

“ባለፉት አምስት ዓመታት እናትዎ ለሰው የሰጡት ንብረት አለ?”

“አለ። ቤት። ለወንድ ልጇ፣ በአንድ ዶላር።”

ልጅቷ እጇን ከመጻፊያው አነሣች። “ይህ ከተጻፈ ምን እንደሚከተል ነግረዎታል?”

“ነግረውኛል፣ የኔ እመቤት። እውነቱን ተናገሪ ተብዬ ከልጅነቴ ስመከር ኖሬአለሁ፤ ጠቅሞኝ አያውቅም። እስቲ ዛሬ ልሞክረው።”

ደብዳቤው በሰኔ መጣ። መንግሥት ለአሥራ ሦስት ወር አይከፍልም። መጦሪያ ቤቱ ሒሳቡን ለግሌን ላከ፤ በወር ከዘጠኝ ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ሁለተኛውን ሒሳብ ተከትሎ የጠበቃ ማስጠንቀቂያ ሄደ።

ግሌን በሐምሌ ሙቀት፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ መጣ። ሎርና በረንዳ ላይ ፎሶሊያ ትቀነጥስ ነበር።

“ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?” አላት።

“የጠየቁኝን።”

“ስድስት ወር ነበር እኮ የቀረው። ስድስት ወር ብቻ።”

“ቁጥር ያንተ ሥራ ነው።”

“ታውቂ ነበር። ቁጭ ብለሽ እያወቅሽ ገደል ከተትሽኝ።”

“አንተስ ቁጭ ብለህ ሥጋ ስትቆርጥ አልነበር?” ፎሶሊያዋን ቀነጠሰች። “ቤቱን መልስና ሒሳቡ ይቆማል። ወይም ቤቱን ያዝና ክፈል። ማንም በነፃ የሚኖር የለም፣ ግሌን።”

“እህት አይደለሽም።”

“አሳዳጊህ ነበርኩ። እሷን ሽጠሃታል።”

ሲሄድ የአትክልቱን በር ሳይዘጋ ሄደ። ሎርና ያን ቀን እራቷን ጥርግ አድርጋ በላች። ከአባቷ ሞት ወዲህ እንዲያ የጣማት ምግብ የለም።

ጣዕሙ ግን አልቆየላትም። ግሌን የነሐሴንም ሒሳብ አልከፈለም፣ ቤቱንም አልመለሰም። መጦሪያ ቤቱ ክፍያ ካልመጣ እናትሽን ወደ ሌላ ቦታ እናዛውራለን አላት፤ ሌላው ቦታ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። የሎርና አሮጌ መኪና እስከዚያ አይወስዳትም። እናቷ አልጋ አጠገብ በተቀመጠች ቁጥር የምትሰማው አንድ ነገር ነው።

“ግሌን መጣ?”

“ሥራ በዝቶበት ነው፣ እማ።”

“ነገ ይመጣል?”

“ነገ ይመጣል።”

ሁለት ጊዜ ስልክ አንሥታ ልትለምነው ቁጥሩን መታች፤ ሁለቴም መጥራት ሳይጀምር ዘጋችው። ቂሟን ብትተወው ምን እንደሚቀራት አሰበች። አንድ ወርና ጥቂት ዕቃ። እናቷን ወስደው ቢያርቋትስ?  በማግስቱም ቂሟን እንደያዘች ወደ እናቷ ሄደች።

በመስከረም አጋማሽ ግሌን የቤተ መጻሕፍቱ ጠበቃ በፖስታ የላከለትን ሰነድ ፈርሞ መለሰ። ቤቱ ወደ እናቱ ስም ገባ። ደብዳቤ አልጻፈም፤ ፖስታው ላይ የሎርናን ስም እንኳ በራሱ እጅ አልጻፈም። ሐኪሙና ዶሎሬስ ስለ ሎርና ድካም መሰከሩ። ዶሎሬስ ምስክርነቷን ስትፈርም “ከዚህ በፊት ስላንቺ ያወራሁትን ሁሉ በዚህ ይሰረዝልኝ” አለቻት።

አስፈራሚውን ይዘው መጦሪያ ቤቱ የሄዱት እናቷ አልፎ አልፎ አእምሮዋ ከሚመለስላት ጠዋቶች በአንዱ ነው። ዶሎሬስም ነበረች። አስፈራሚው እናቷን ወረቀቱ ምን እንደሆነ ጠየቃት።

“ቤቱን ለሎርና መስጫ ነው” አለች እናቷ። ሎርናን ቀና ብላ አየቻት። “ግሌን ተቆጥቷል?”

“ተቆጥቷል፣ እማ።”

“ድሮም ቁጡ ነው” አለችና ፈረመች።

በጥቅምት መንግሥት መክፈል ጀመረ። ግሌን እናቱን ሊጠይቅ አልመጣም፤ ሎርናን እዚያ አገኛት ይሆናል ብሎ ነው ይላሉ። እናቱ ስሙን እየጠራች ሁለት ዓመት ቆየች። ሎርና በየቀኑ እየሄደች “ነገ ይመጣል” ስትላት ኖረች። ያን ሁሉ ውሸት በወንድሟ ስም ነው የተናገረችው፤ እሷ ራሷ ግን አንድም ጊዜ አላዘነችለትም። በቀብሩ ዕለት ግሌን ከመቃብሩ ማዶ፣ ከመኪናው ሳይወርድ ቆየ። ሲሄድ ሞተሩን አስነሥቶ ሲዞር አየችው። እጇን አላነሣችም።

አሁን ሎርና ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው። በሁለተኛ መንገድ ያለው ቤት በስሟ ነው፤ ብቻዋን ትኖርበታለች። በሳምንት ሦስት ቀን መጦሪያ ቤቱ ወጥ ቤት ድንች ትልጣለች። ከወንድሟ ጋር አይነጋገሩም።