የጎሚስታው ፊርማ

እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ እየሠራች ነው ልጇን ብቻዋን ያሳደገችው። ዘንድሮ በመርከብ ልታዝናናት ስትነሣ፣ የመርከቡ ቢሮ «የአባትየው የፈቃድ ፊርማ ካልመጣ ልጅቷን አናሳፍርም» አላት።

አባት ተብዬው ጎሚስታ ነው፤ ጥሏቸው ከሄደ ወዲህ ዞር ብሎ አላያቸውም። አብሬያት ሄድኩ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ወረቀቱን የተጋደመ ጎማ ላይ አድርጎ ፈረመ። ወዴት ነው የምትሄደው ብሎ እንኳ አልጠየቀም።

ቤት ስንደርስ ልጅቷ በር ላይ ቆማ ትጠብቀናለች።

«አባዬ ፈረመ?»

«ፈረመልሽ የኔ እናት» አለቻት እህቴ። «በይ ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

ልጅቷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ልጄን ባሕር ላይ አልሰድም አላለም?»

«አላለም።»

«ትንሽ እንኳ አልተቆጣም?»